ቢጫ የነበሩ አሥራ አንድ ቢራቢሮዎች

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቴ የግድግዳ ሰዓት ሸለመኝ። የሽኝቱን ንግግር ያደረገው ምክትል ዳይሬክተር ሥራዬን «የወባ ትንኝ ምርምር» ብሎ ጠራው፤ እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ያጠናሁት ቢጫ ቢራቢሮዎችን ነው። አላረምኩትም። አዳራሹ ይሞቅ ነበር፤ ተሰብሳቢውም ዐይኑን ምሳው ላይ አድርጎ ነበር።

ከሽኝቱ በኋላ አንድ ሥራ ቀረኝ። የነፍሳት ስብስባችን የተቀመጠበት ክፍል ለስብሰባ ስለሚፈለግ፣ አርባ ሁለቱ መሳቢያዎች በመርከብ ወደ አውሮፓ፣ ወደ አንድ ሙዚየም እንዲላኩ ተወስኗል። ከዚህ ምድር የተያዙ ቢራቢሮዎች እዚህ ምድር ላይ የሚቀመጡበት አንድ ክፍል ጠፋ። የርክክቡን ዝርዝር አዘጋጅቼ እስከ ሐሙስ እንድፈርም ተነገረኝ። በዝርዝሩ ላይ እያንዳንዱ መስመር የነፍሳቱን ስም፣ የተያዙበትን ቦታና ቀን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ በመጨረሻም አስተያየት ይይዛል።

በሃያ ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ከደይ፣ በተራራ ላይ ካለ ጫካ፣ የመጡ አሥራ አንድ ትንንሽ ወንድ ቢራቢሮዎች አሉ። ቀለማቸው ብርቱካንማ ነው። በአስተያየቱ ቦታ ላይ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በገዛ እጄ እንዲህ ጽፌአለሁ፦ «በሰብሳቢው የዝግጅት ጉድለት ቀለማቸው የተለወጠ።» ሰብሳቢው ኢድሪስ ይባላል። በዚህ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ከሥራው ተሰናብቷል። ዛሬ ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር ውስጥ ከልጁ ጋር ይኖራል። ዓረፍተ ነገሩ ውሸት ነው። ሳላርመው ብፈርም፣ ስሙ ከነውሸቱ ማንም ወደማይነካው መዝገብ ይገባል። ከእርሱና ከእኔ በቀር እውነቱን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ያሰናበተው ዳይሬክተርም ሞቷል።

ስለ ራሴ መባል ያለበት ጥቂት ነው። የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አባቴ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ እኔ ገና ሳልራመድ ቤተሰቡን ይዞ ጅቡቲ ገባና ካርቲየ 4 ሱቅ ከፈተ። ከአምስት ልጆቹ በትምህርት የገፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። የዶክትሬት ጥናቴን ፈረንሳይ አገር የሠራሁት በአንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ቢጫ ቢራቢሮ ቢጫ የሆነው በምንድን ነው? አባቴ ይህን ከሰማ በኋላም ለደንበኞቹ ሐኪም ልሆን እንደምማር መናገሩን ቀጠለ።

መልሱ አጭር ነው። የቢራቢሮ ክንፍ እንደ ጣሪያ ክዳን በተደራረቡ ደቃቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው፤ ሰው ክንፉን ሲይዝ ጣቱ ላይ የሚቀረው ዱቄት እነዚህ ቅርፊቶች ናቸው። ብዙ ነፍሳት ቢጫቸውን ከሚበሉት ቅጠል ያገኛሉ። የእኔዎቹ ግን ራሳቸው ይሠሩታል፤ በየቅርፊቱ ውስጥ በጥቃቅን ዶቃ መልክ ያስቀምጡታል። ንጥረ ነገሩ ወፎችና እንሽላሊቶች ከኩሳቸው ጋር ለሚጥሉት ነጭ ነገር የቅርብ ዘመድ ነው። ሌላው ፍጡር የሚጥለውን የመሰለ ነገር እነርሱ ክንፋቸው ላይ ያኖሩታል። ሰዎች ይህን ስነግራቸው ቅር ይላቸዋል። እኔ በሙያዬ ከተማርኩት ሁሉ ያላሳፈረኝ እውነት ይህ ነው።

ስመለስ የተቀጠርኩት ወደብ አካባቢ በነበረ አንድ የግል የእህል መርማሪ ድርጅት ውስጥ ነበር። አለቃዬ ምርመራ ማለት ማኅተም ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አንድ ቀን ነቀዝ የበላው የሽንብራ ጭነት እንዳይንቀሳቀስ ጽፌ ባቀርብ፣ ነቀዙም እንደ ማንኛውም መንገደኛ አገሩን ማየት ይፈልጋል ብሎ ቀለደና በፊርማዬ ላይ ማኅተሙን መታበት። ሦስት ዓመት ቆየሁ። ደመወዙ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ የምርምር ተቋሙ ለነፍሳት ክፍሉ ሰው ፈለገና ተዛወርኩ። ክፍሉ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያንጠባጥብ አየር ማቀዝቀዣና ኢድሪስ ነበሩ።

ኢድሪስ በሥራ መደቡ ሾፌር ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አንበጣ ፍለጋ የሚዞሩ ፈረንሳዮችን ጭኖ በረሃውን ሲነዳ፣ እነርሱ ጥላ ሥር ሲያርፉ እርሱ መረባቸውን አንሥቶ ይሠራ ነበር፤ ሙያውን የያዘው እንዲህ ነው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው። እንደ እኔ የድሬ ልጅ ነው፤ የድሬ ሰው ደግሞ ለማንም አንቱ አይልም። እኔ ግን በቤታችን ለታላቅ «እርስዎ» እያልኩ ስላደግሁ፣ በመጀመሪያው ቀን «እርስዎ ስንት ዓመት ሠሩ?» ብዬ ጠየቅሁት። ወደ ኋላው ዞሮ አየና «ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» አለኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ «ጋሽ ኢድሪስ፣ እርስዎ» ማለቴን፣ እርሱም በየጊዜው ወደ ኋላው መዞሩን አልተወም።

ልማዶቹን በዝርዝር መመዝገብ ይገባል፤ የትም መጽሐፍ ላይ አላገኘኋቸውምና። መስክ ስንወጣ የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት መረብ አይነካም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማን ከየት ወዴት እንደሚበር፣ ማን የት እንደሚያርፍ ብቻ ያያል። ሴቷን ቅጠል ለቅጠል እየነካካች ስትዞር ካያት አይዛትም፤ በፊት እግሮቿ ቅጠሉን እየቀመሰች የምትጥልበትን እየመረጠች መሆኑን ያውቃልና እንቁላሉን እስክታስቀምጥ ይጠብቃል። መለያውን ወረቀት የሚጽፈው ቢራቢሮውን ከያዘ በኋላ ሳይሆን መረቡን ከማንሣቱ በፊት ነበር፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ይጽፍና የስሙን ቦታ ክፍት ይተዋል። ምክንያቱን ስጠይቀው፣ ሰው ደስ ሲለው ይዋሻል አለኝ። የሚጽፈው በእርሳስ ብቻ ነው፤ ቀለም በአልኮልም በላብም ይታጠባል።

ያልወደድኩለት ልማድ ቀለም የሚመዘግብበት መንገድ ነበር። ማንኛውንም ቢጫ ቢራቢሮ ከመሞቱ በፊት አይቶ በደብተሩ ላይ ከአራት ቃላት አንዱን ይጽፍለታል፦ ቅቤ፣ ሎሚ፣ እርድ፣ አብሽ። እኔ ከፈረንሳይ በቁጥር የተደለደለ የቀለም ሰንጠረዥ አምጥቼ ነበርና የወጥ ቤት ቃላት ለሳይንስ አይሆኑም አልኩት። ሰንጠረዡን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ወሰደውና ፀሐይ ሲያገኘው የኖረውን ጠርዝ ከመሐሉ ጋር አስተያየ። ጠርዙ ገርጥቷል።

«ያንቺን ፀሐይ ይበላዋል» አለ። «እርድ ግን ካርቲየ 4 ሄደሽ የፈለግሽ ቀን ብትገዢው እርድ ነው።»

ሥራችን ሁለት ዓይነት ቢራቢሮዎችን ይከተል ነበር። አንዱ ትልቁ ነው፤ ዝናብ በጣለ ሰሞን በባሕሩ ዳርቻ በመቶዎች ሆኖ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያልፍ የከተማው ሰው ሁሉ ያየዋል። ወንዱ ወደ ነጭ ያደላል፤ ሴቷ አንዳንዴ ነጣ ያለች አንዳንዴ ጥርት ያለች ቢጫ ናት። እንቁላሏን አንድ በአንድ፣ እንደቆመ ደቃቅ እንዝርት፣ በሰነመኪ ቅጠል ላይ ታኖራለች። አባጨጓሬው ያንኑ ቅጠል እየበላ ያድግና ሙሽሬ ወደሚባለው የማይንቀሳቀስ ደረጃ ሲደርስ፣ እንጨት ላይ እንደወጣ የመብራት ሠራተኛ በወገቡ ዙሪያ የሐር ክር አሥሮ ይንጠለጠላል። ለምን እንደሚሰደድ፣ በምን ምልክት መንገድ እንደሚጀምር እስከ ዛሬ በሙሉ አልታወቀም። ኢድሪስ የራሱ መላ ምት ነበረው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሰነመኪ የበላ ፍጡር እንዴት አንድ ቦታ ይቀመጣል ይል ነበር። የአባቴ እኅት ሰነመኪ ለሆድ ድርቀት ትጠጣ ስለነበር ቀልዱ ሳልወድ ገባኝ።

ሁለተኛው ትንሹ ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ክንፍ፣ ደማቅ ቢጫ፣ ዳሩ ጥቁር። ሴቷ ከወንዱ ትገረጣለች። በደረቁ ወራት የሚወለዱት ጥቁር ዳራቸው ይጠብባል፤ የክንፋቸው የታች ገጽ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ የደረቀ ቅጠል ላይ ሲያርፉ ዐይን ያጣቸዋል። አንድ እናት የወለደቻቸው በዝናብና በድርቅ ሁለት መልክ ይኖራቸዋል። የቀደሙ ሊቃውንት ይህን ባለማወቅ ለአንዱ ፍጡር ብዙ ስም አውጥተውለታል። በተማሪነቴ እነዚህን ሰዎች በጣም እንቅ ነበር።

ደግሞም ቢጫው ለእኛ እንጂ ለእነርሱ ዋናው ነገር አይደለም። የወንዱ ክንፍ የሰው ዐይን የማያየውን ጨረር ያንጸባርቃል፤ ሴቷ ወንዱን የምትለየው በዚያ ብልጭታ ነው። እኛ ስም ያወጣንላቸው ዐይናችን በደረሰበት ልክ ነው።

ወንዶቹ እርጥብ አፈር ላይ ተሰብስበው ጨው ይመጥጣሉ፤ ያንን ጨው ሲዳሩ ለሴቷ ያስተላልፋሉ፤ ለእንቁላሏ ይጠቅማታልና። በከተማው ዳርቻ፣ ፒኬ 12 ላይ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሾፌሮች መኪናቸውን በሚያጥቡበት ጭቃ አጠገብ ሁልጊዜ አናጣቸውም ነበር። አንድ የአዳማ ሾፌር ተንበርክኬ ስቆጥር አይቶ፣ መንግሥት ለዚህ ደመወዝ ይከፍላል ወይ ብሎ ኢድሪስን ጠየቀው። ኢድሪስ ለእሷ ይከፍላል፣ እኔ እሷን እንድጠብቅ ነው የተቀጠርኩት ብሎ መለሰለት። ሾፌሩ አዝኖ ውሃ ሰጠኝ።

አሁን ወደ ደይ እመለሳለሁ።

በዘጠነኛው ዓመት የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ዳይሬክተሩ ስሙ እንዲጠራ የሚወድ ሰው ነበር፤ የሚሾመውም ስሙን የሚያስጠራለትን ነው። አዲስ ነገር የያዘ አንድ ጽሑፍ እንደሚያስፈልገኝ በግልጽ ነገረኝ። በዚያው ሰሞን ከኢድሪስ ጋር ታጁራን አልፈን ወደ ደይ ጫካ ወጣን። በዚያ ከፍታ፣ በጥዶቹ መካከል፣ ከሌላው የተነጠሉ ትንንሾቹን ቢጫዎች አገኘን። አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ይዘን በነጠላ ጨርቅ በተሠራ ጎጆ ውስጥ በሕይወት ወደ ከተማ አመጣናቸው። ሴቶቹን ለእንቁላል አስቀረን። ሐሙስ ቀትር ላይ ወንዶቹን ወደ መግደያው ጠርሙስ አስገባናቸው። ጠርሙሱ ሥሩ ላይ መርዝ ተቀምጦ በጀሶ የተደፈነ ነው፤ ጀሶውን የሞላው ኢድሪስ ነበር፤ በጥንቃቄ ሞልቶታል። መርዙ የሚቀመጠው በእኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ከእኔ እጅ አይወጣም ነበር።

ኢድሪስ መኪናውን ሊመልስ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አየሩ እርጥብ ነው፣ ጀሶው ያልበዋል፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ አታቆዪያቸው፣ አውጥተሽ በወረቀት ጠቅልያቸው አለኝ። እሺ አልኩት። ወዲያው ዳይሬክተሩ አስጠራኝ። ስለ ኃላፊነቱ ቦታ አንድ ሰዓት ያህል አነጋገረኝና ከእርሱ ቢሮ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዐርብና ቅዳሜ ዕረፍት ነው። በሁለቱ ቀን መብራት ጠፍቶ አየር ማቀዝቀዣው ቆመ።

እሑድ ጠዋት ስገባ አራቱ ሴቶች በሙቀት ሞተዋል፤ እንደነበሩት የገረጡ ቢጫ ናቸው። አሥራ አንዱ ወንዶች ግን ጠርሙሱ ውስጥ ብርቱካንማ ሆነው ጠበቁኝ።

የዚህ ቢጫ ዶቃዎች እርጥበት ካገኘው ከዚያ መርዝ ጋር ረጅም ሰዓት ከቆዩ ወደ ቀይ ያደላሉ። ይህ ምስጢር አይደለም። በሁለተኛ ዓመት ትምህርቴ በአንድ መስመር አንብቤዋለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። በዚያ ጠዋት ግን ያ መስመር ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ በተራራው ላይ ተነጥለው የኖሩ ወንዶች ከሴቶቹ የተለየ ቀለም ማውጣታቸው የሚቻል መሆኑ ነው። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሙሉ ማብራሪያ ነበረኝ። የተማረ ሰው ስሕተት የሚለየው በዚህ ነው፤ ማብራሪያው ቀድሞ ይደርሳል።

ኢድሪስ መጥቶ አያቸው። ደብተሩን አወጣና አነበበልኝ፤ አራቱ ሴቶች ቅቤ፣ አሥራ አንዱ ወንዶች እርድ።

«እነዚህ እርድ አይደሉም» አልኩት።

«ዛሬ አይደሉም። ሐሙስ ግን ነበሩ» አለ። «ተመልሰን እንውጣ። ሁለት ቀን ነው። ሌላ እንይ።»

ዐይኑ እየደከመ እንደሆነ ነገርኩት። ይህን ስል ዐይኑ ከእኔ ዐይን እንደሚሻል አውቅ ነበር። ለጉዞው ፈቃድ አልጠየቅሁም። ጽሑፉ በአራት ወር ውስጥ ታተመ። በአራቱም ወር ኢድሪስ መረብ ይዞ ከእኔ ጋር ወጣ፤ ስለ ደይ ግን አንድ ቀን አላነሣም።

ከታተመ በኋላ በዘርፉ የታወቁ አንድ ሽማግሌ ከውጭ አገር ሁለት መስመር ጻፉልኝ፤ ለዳይሬክተሩም ግልባጭ አድርገዋል። ጠርሙሴ እርጥብ ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ፤ ከነበረ ያገኘሁት አዲስ መልክ ሳይሆን አሮጌ ጥፋት መሆኑን ይናገራሉ። ደብዳቤውን ሳነብ የሁለተኛ ዓመቱ መስመር ከነገጹ ፊቴ ላይ መጣ።

ዳይሬክተሩ ሁለታችንንም ቢሮው አስገባን። ተቋሙ ጽሑፉን መሰረዝ ነበረበት፤ ለመሰረዝ ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ምክንያቱም ስም ያስፈልገው ነበር። በፈረንሳይኛ ኢድሪስን ጠየቀው፤ ነፍሳቱን ጠርሙሱ ውስጥ ረስቶ የተዋቸው ማነው? ኢድሪስ በእንዲህ ዓይነት ቢሮ ውስጥ አፉን በፈረንሳይኛ አይከፍትም ነበር፤ ዳይሬክተሩ እንድተረጉምለት በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

«ጠርሙሱን ያዘጋጀው ማነው?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅሁት።

ዐይኑን ከዳይሬክተሩ ወደ እኔ መለሰ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«እርሱ መሆኑን ያምናል» ብዬ ለዳይሬክተሩ ተረጎምኩ። ስብሰባው አበቃ።

ይህን በዚያ ቅጽበት ከጭንቀት የመጣ ነው ልል አልችልም። ጥያቄውን ስለውጥ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በነጋታው መዝገቡን አውጥቼ ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። በወሩ መጨረሻ ኢድሪስ ተሰናበተ። እኔ የነፍሳት ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ። የምመራው ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ በአባቴ ሱቅ ተቀምጬ ወሬው እንዴት እንደተለወጠ ሰማሁ። በሰፈሩ ኢድሪስ ከመሥሪያ ቤቱ መርዝ ሰርቆ ተባረረ ይባላል። መርዙን ቤቱ እንዳስቀመጠው አውቃለሁ የምትል አንዲት ደንበኛ ለአባቴ ትነግረው ነበር። ጨርቁን ለካላት፣ ሦስት ሜትር ቆረጠላት፣ ወጣች። እኔ የተረፈውን ጨርቅ አጣጠፍኩ። አባቴ ለኢድሪስ ያለኝን አክብሮት ስለሚያውቅ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ሥራ ጉዳይ ማውራት አልችልም አልኩት። ይህም ውሸት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ለማንበብ አይመችም። ሁለት ጊዜ ለዳይሬክተርነት ታጨሁ፤ ሁለት ጊዜ በእኔ ሥር የሰለጠኑ ወንዶች ተሾሙ። ባለፉት አሥር ዓመታት በፒኬ 12 ያለው ጭቃ በኮንክሪት ተሸፍኗል፤ ሰነመኪው ይበቅልበት በነበረው የባሕር ዳርቻ መጋዘን ቆሟል። ስለዚህ የጻፍኳቸውን ሪፖርቶች ማንም አልመለሰልኝም። የሽማግሌው ደብዳቤ ወሬ የደረሰው ሰው ሁሉ ስለ ቢጫ ቢራቢሮ የምናገረውን በጥርጣሬ ይሰማ ነበር። ተገቢ ነው። በደይ ያሉትን ተመልሼ ያየኋቸው ከአምስት ዓመት በኋላ ብቻዬን ነው። እርድ ናቸው።

በዚህ ሳምንት ረቡዕ ጠዋት በርክክቡ ዝርዝር ላይ የድሮውን አስተያየት ሰርዤ አዲስ ጻፍኩ፦ «ቀለማቸው የተለወጠው ተመራማሪዋ ከሐሙስ ቀትር እስከ እሑድ ጠዋት እርጥብ መግደያ ጠርሙስ ውስጥ ረስታ ስለተወቻቸው ነው። ሰብሳቢው ኢድሪስ ጥፋት የለበትም፤ በሕይወት ሳሉ ቢጫ መሆናቸውንም መዝግቧል።» ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ግልባጩን ይዤ ከቀትር በኋላ ካርቲየ 4 ሄድኩ። በእኔ ግምት ጉዳዩ አልቋል።

ልጁ ዛህራ በሩን ከፈተችልኝ። በመንገዱ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሩዝና ዓሣ እየሠራች ትሸጣለች። አባቷ በተሰናበተ ጊዜ ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ገብታ ነበር፤ አልጨረሰችም። ባሏ አብዲ ሱማሌ ነው፤ ወንበር ላይ ወጥቶ የጣሪያውን ማራገቢያ ይጠግን ነበርና በእጁ ሰላም አለኝ። አማርኛ አይሰማም። ኢድሪስ ግድግዳውን ተደግፎ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። አንድ ዐይኑን ሞራ ጋርዶታል።

«መጣሽ» አለኝ። ከሳምንት በኋላ የተመለስኩ ያህል እንኳ አልተገረመም።

ወረቀቱን አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅሁት፤ በዚያ ቀን የዳይሬክተሩ ፈረንሳይኛ ገብቶት ነበር?

«ሃያ ምናምን ዓመት ፈረንሳይ ጭኜ ነድቻለሁ። መንገድ ላይ ያልረሱት ነገር አልነበረም፤ ‹ረሳሁ› የሚለውን ቃል ከ‹ደኅና አደርክ› በፊት ነው የለመድኩት» አለ።

«ታዲያ ለምን የእኔን ጥያቄ መለሱ?»

«የጠየቅሽኝን መለስኩ። ጠርሙሱን የሠራሁት እኔ ነኛ።» ጉልበቱን አሻሸ። «እስከ ከሰዓት ተመልሳ ገብታ ታስተካክለዋለች ብዬ ነበር። በረንዳው ላይ ጠበቅሁሽ። በነጋታውም ጠበቅሁሽ። ከዚያ ይቺ ልጅ ትምህርቷን ስትተው መጠበቁን ተውኩት።»

ወረቀቱ ነገ ከመሳቢያዎቹ ጋር እንደሚሄድ፣ ሙዚየሙ ለዘለዓለም እንደሚያስቀምጠው አስረዳሁት።

«እዚያ ማን ያውቀኛል?» አለ። «አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው እኔን በክፉ አላነሣኝም። እዚህ ነው ሌባ የተባልኩት። ለእሷ ንገሪያት።»

ዛህራ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ራሷን አላነሣችም። በተራ ነገርኳት፤ መርዙ ከእኔ ቁም ሳጥን ወጥቶ እንደማያውቅ፣ አባቷ ምንም እንዳልሰረቀ፣ አስጠንቅቆኝ እንደነበር፣ የረሳሁት እኔ መሆኔን፣ በስብሰባው ላይ ጥያቄውን የለወጥኩት እኔ መሆኔን። ምክንያቴን አልነገርኳትም፤ አልጠየቀችም።

«መርዙ ወደዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም?» አለች።

«መጥቶ አያውቅም።»

ትሪውን አስቀመጠች። «የአብዲ እናት መርዙን ፈርታ ከተጋባን ጀምሮ እዚህ ቤት አንድ ጉርሻ በልታ አታውቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሁለት ቤት ዘልቃ ነው የምትኖረው። ልጆቼንም እቤቷ ወስዳ ነው የምታበላቸው።» ወደ ባሏ ዞራ በስሙ ጠራችው፤ ከወንበሩ ወረደ። «ለእሱም ንገሪው።»

ሱማሊኛዬ ዕቃ ለመግዛት ያህል እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር እንደማይሆን ነገርኳት፤ እርሷ ራሷ ብትነግረው እንደሚሻል።

«እኔማ ስነግረው ኖሬያለሁ» አለች። «ያንቺ ለዚህ ይበቃል፣ ዶክተር።»

ተነሥቼ ነገርኩት። ቃላት ጎደሉኝ፤ ዛህራ ግን አንድም አላቀበለችኝም። ያለኝን ይዤ ጨረስኩ፤ ይህ ሰው ሌባ አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ መርዝ ገብቶ አያውቅም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የዋሸሁትም እኔ ነኝ። አብዲ ሰማኝ። አንዴ አማቱን፣ አንዴ ሚስቱን ተመለከተ። ከዚያ በእጁ የያዘውን ጠመንጃ መፍቻ ፍራሹ ጫፍ ላይ አስቀመጠና፣ እናቱን ይዞ እስኪመጣ እንዳልሄድ ነግሮኝ ወጣ።

ዛህራ ወንበሩን ወደ እኔ ገፋችው። ተቀመጥኩ።